ትንሽ ካሜራ፣ አንድ ሌንስና የንግግር ርቀት

ሌንሱ ከአካሉ ጋር አብሮ የተሠራና ዙም የማያደርግ ትንሽ ካሜራ ለጉዞ ፎቶግራፍ ሲመረጥ፣ በሱቅ የሚወደስበትና በሥራ ላይ የሚጠቅምበት ምክንያት አንድ አይደለም። ሻጩ በአብዛኛው የሚያሳየው ካሜራው ከሰው ፊት ኋላ ያለውን ሁሉ እንዴት አድርጎ እንደሚያደበዝዝ ነው፤ መንገደኛ ግን የሄደበትን አገር አደብዝዞ ከተመለሰ መሄዱ ራሱ አጠያያቂ ይሆናል። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥና በሐረር ጀጎል ጠባብ መንገዶች ላይ ለሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ የመሣሪያው ትርፍ ሌላ ነው፤ ይኸውም በቦታው ባለው ብርሃን ብቻ፣ ያለ ፍላሽ፣ ሰው ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ርቀት ላይ ቆሞ መሥራት ማስቻሉ ነው።

ይህን ለመረዳት ጥቂት የሙያ ቃላትን ማብራራት ያስፈልጋል። የትኩረት ርዝመት በሚሊሜትር የሚለካ የሌንስ ባሕርይ ሲሆን፣ ሌንሱ የሚያየውን ስፋት የሚወስነው ይኸው ቁጥር ብርሃኑን ከሚቀበለው ሴንሰር መጠን ጋር ተዳምሮ ነው። ለምሳሌ በፉጂፊልም ኤክስ 100 ካሜራ ላይ ያለው 23 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ሴንሰሩ ከቀድሞው ፊልም ፍሬም ያነሰ በመሆኑ፣ በፊልም ዘመን 35 ሚሊሜትር ሌንስ ይሰጥ የነበረውን እይታ ይሰጣል፤ የሪኮ ጂ.አር. ካሜራ ደግሞ በዚሁ ስሌት 28 ሚሊሜትር፣ ማለትም ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። አፐርቸር የሚባለው በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ ሲሆን፣ መጠኑ የሚገለጸው የትኩረት ርዝመቱን ለቀዳዳው ዲያሜትር በማካፈል በሚገኝ ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። 23 ሚሊሜትሩ ሌንስ ኤፍ 2 ላይ ሲከፈት የቀዳዳው ዲያሜትር 11.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከካሜራ ጋር አብረው የሚሸጡ ብዙዎቹ ርካሽ ዙም ሌንሶች ግን ሩቁን ለማቅረብ ሲዘረጉ ከኤፍ 5.6 አልፈው አይከፈቱም፤ በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነትም ስምንት እጥፍ ነው።

ቀሎ የመጓዝ ፍላጎት ከዲጂታሉ ዘመን እጅግ ይቀድማል። በሐረር በንግድ ሥራ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ሬምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. ካሜራ አስመጥቶ ራሱን ያነሣባቸውን ምስሎች ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ባጠበበት ውሃ መጥፎነት ምክንያት ሁሉም እንደነጡ በደብዳቤው ገልጿል፤ በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሣት ሣጥኑን፣ ኬሚካሉንና ማጠቢያውን ሁሉ ይዞ መጓዝን ይጠይቅ ነበርና። ሸክሙን ያቃለለው ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ ሲሆን፣ በቬትዝላር ከተማ በሚገኘው የላይትዝ ፋብሪካ ሲሠራ በሲኒማ ፊልም የምትሠራ ትንሽ ካሜራ ፈለሰፈ፤ ይህችም ላይካ ተብላ በ1925 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ ትርኢት ለገበያ ቀረበች። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዓለምን የዞረው በዚችው ካሜራና በአብዛኛው በአንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው።

የሌንሱ ብርሃን ተቀባይነት በትክክል የሚፈተነው እንደ ቤተ ማርያም ባለ ስፍራ ነው። ከላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት አንዱ በሆነው በዚህ ቤት ብርሃን የሚገባው ከዓለቱ በተፈለፈሉ ትንንሽ መስኮቶች በመሆኑ፣ ከደጅ የገባ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ የግድግዳውን ሥዕል እንኳ መለየት ያዳግተዋል። ከመስኮት ራቅ ብለው ዳዊት የሚደግሙ ካህን ፊት በእንዲህ ያለ ቦታ የሚጠይቀው በግምት አፐርቸር ኤፍ 2፣ የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ሴንሰሩ ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ 1/30 ሰከንድ፣ ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት የሚለካበት አይ.ኤስ.ኦ. ደግሞ 3200 ነው። ይህንኑ ፎቶ በኤፍ 5.6 ለማንሣት ወይ ሹተሩን ወደ 1/4 ሰከንድ ማዘግየት፣ ወይ አይ.ኤስ.ኦ.ውን ወደ 25600 መስቀል ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ገጽ የሚገልጥ ጣት ይደበዝዛል፣ በሁለተኛው ፊቱ በነጠብጣብ ይሞላል። ትራይፖድ መትከል ምእመናን በሚሰግዱበት ወለል ላይ የሚታሰብ አይደለም፤ ፍላሽ ደግሞ ክልክል ባይሆን እንኳ ጸሎት ያቋርጣል፣ ጨለማውንም ያጠፋዋል፤ ጨለማው የጠፋበት የቤተ ማርያም ፎቶ ደግሞ የማንኛውም ክፍል ፎቶ ነው።

ሌንሱ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ሁሉም ነገር ይደበዝዛል የሚለው ስጋትም በትንሽ ካሜራ ላይ የተጋነነ ነው። ከላይ በተጠቀሰው 23 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 2፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት ሲነሣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስፍራ ጥልቀት ከ30 ሴንቲሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ይህም የካህኑን ፊትና በእጃቸው የያዙትን መጽሐፍ አንድ ላይ ለመያዝ ይበቃል። ይልቅስ ጥንቃቄ የሚሻው የጧፍ ብርሃን ነው። የትንሽ ነበልባል ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ከጧፉ 20 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ፊት 40 ሴንቲሜትር ላይ ካለው አራት እጥፍ ብርሃን ያገኛል፤ ስለሆነም ፎቶግራፍ አንሺው ቁጥሮችን ከመነካካት ይልቅ ጧፍ የያዘው ሰው ወደ ፊቱ እስኪያቀርበው ቢጠብቅ የበለጠ ያተርፋል። ካሜራው ነጭን ነጭ ለማስመሰል ቀለምን በራሱ የሚያስተካክልበት ሥርዓት የጧፉን ብጫነት ሊያጥበው ስለሚሞክር፣ ይህን ሥርዓት አጥፍቶ በእጅ ማስተካከል ይሻላል።

የነጠላ ነገር ግን ከሁሉ የከፋ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ስለሚያሰላ፣ በገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ነጭ ለብሶ የቆመውን ሕዝብ፣ ከላይ በዓለቱ ጠርዝና ከታች በቅጥሩ ሆነው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ የሚቀባበሉትን ካህናት ጭምር፣ ለራሱ ከተወ ግራጫ አድርጎ ያወጣቸዋል፤ የጠይም ፊት ዝርዝርም አብሮ ይጨልማል። መለኪያውን በአንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ፊቱን ያድናል፤ ይሁንና ፀሐይ የመታው ነጠላ ከሚገባው በላይ ከነጣ የጥበቡ መስመርና የልብሱ እጥፋት በኋላ በምንም መንገድ አይመለስም፤ ጨልሞ የወጣ ፊት ግን ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው የሮው ፋይል ላይ በልክ ሊነሣ ይችላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ነጠላውን ጠብቆ ፊቱን በኋላ ማንሣት ይመረጣል፤ ከሁለቱም የሚሻለው ግን ሰውየው ጥላ ውስጥ ሲገባ መጠበቅ ነው።

በዚህ ላይ የዘመኑ መብራት የራሱን ችግር ጨምሯል። በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በ50 ኸርትዝ ስለሚሄድ ብዙ የኤል.ኢ.ዲ. እና የፍሎረሰንት መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ዓይን አያየውም፣ ድምፅ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ግን ምስሉን ከላይ እስከ ታች በጥቁር ሰንበር ያዥጎረጉረዋል። መፍትሔው በትንንሽ ካሜራዎች ሌንስ ውስጥ በሚገኘው ሜካኒካል ሹተር በ1/50 ወይም በ1/100 ሰከንድ ማንሣት ነው፤ የዚህ ሹተር ድምፅ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ቅዳሴን አያውክም።

የቋሚ ሌንስ ሁለተኛው ጉዳይ ርቀት ነው፤ በዚህ ረገድ ሐረር ከላሊበላ የተሻለ ታስተምራለች። የልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ስም ባወጣለት በመኪና ግርግር መንገድ ላይ፣ 35 ሚሊሜትር እይታ ያለው ካሜራ ከ1.5 ሜትር ርቀት የሚይዘው ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ አንድ ሜትር የሚሆን ስፍራ ነው፤ በዚህም ውስጥ ሰፊው፣ መኪናው፣ በመርፌው ሥር የሚያልፈው ጨርቅና ከጀርባው የተሰቀለው ብትን ሁሉ ይገባሉ። ከሦስት ሜትር ቢነሣ ግን ሰፊው ከመንገደኛው መካከል አንዱ ሆኖ ይቀራል። ዙም የያዘ ሰው ይህን ጉድለት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሊሞላው ይችላል፤ ቋሚ ሌንስ የያዘ ሰው ግን መቅረብ፣ ለመቅረብም ሰላምታ መስጠት፣ ለምን እንደመጣም መናገር አለበት። በገበያው ካሜራ ሲወጣ ፊታቸውን የሚያዞሩ ነጋዴ ሴቶች መልሳቸውን ሰጥተዋልና ካሜራው ወደ ቦታው ይመለስ፤ ያንን እምቢታ በረጅም ሌንስ ከሩቅ ማለፍ ስርቆት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሚንቀሳቀስ መንገድ ላይ ደግሞ ካሜራው ትኩረት እስኪይዝ መጠበቅ ስለማይቻል ፎከሱን በእጅ 3.3 ሜትር ላይ፣ አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ አስቀምጦ መሄድ የቆየ ዘዴ ነው፤ በተጠቀሰው 23 ሚሊሜትር ሌንስ ከ1.65 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል።

መሣሪያው የማይችለው ብዙ ነው፤ በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ የቆመ ዋልያ በ35 ሚሊሜትር እይታ ነጥብ ብቻ ነው። ጭላዳ ግን ሰውን ስለለመደ በዚሁ ሌንስ ይነሣል። ባትሪው ትንሽ በመሆኑ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ሁለት መለዋወጫ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሌንሱ ስለማይነቀል ደግሞ የበጋ አቧራ ሴንሰሩ ላይ የመድረስ ዕድሉ ያነሰ ነው።

በንግግር ርቀት የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ፎቶው እንዲላክለት ይጠይቃል፤ ብዙ ፎቶግራፍ አንሺም እልካለሁ ብሎ ይሄዳል። አንባቢ ይህን ቃል ከሰጠ፣ ከጉዞው በተመለሰ በሳምንቱ ምስሉን በ10 በ15 ሴንቲሜትር ወረቀት አሳትሞ፣ በስተጀርባው የሰውየውን ስምና ሰፈሩን ጽፎ፣ ወደዚያ ለሚሄድ መንገደኛ ወይም ለአካባቢው አስጎብኚ ይስጥ።