የሚታየው እጅ፤ ስለ «ዘ ላየን ኪንግ» የሙዚቃ ቴአትር የመድረክ ዝግጅት

«ዘ ላየን ኪንግ»፣ ማለት «አንበሳው ንጉሥ»፣ የተባለው የሙዚቃ ቴአትር በመጀመሪያ የታየው በ1997 ዓ.ም. በጁላይ ወር በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በኒው ዮርክ በኒው አምስተርዳም ቴአትር ቤት፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን በላይሲየም ቴአትር ቤት ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ታሪኩ የተወሰደው የዲዝኒ ኩባንያ በ1994 ካወጣው የሥዕል ፊልም ነው፤ አባቱ በአጎቱ ተንኰል የተገደለበት የአንበሳ ደቦል ከአገሩ ተሰድዶ ካደገ በኋላ ተመልሶ የአባቱን አልጋ እንደ ያዘ ያወሳል። ታሪኩ ቀላል ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ብዙ አልናገርም። የሕዝቦችን ልማድና ጥበብ ለሚያጠና መጽሔት የሚገባው ጉዳይ ትርኢቱ በመድረክ ላይ የቆመበት ዘዴ ነው፤ ይኸውም ጭምብሉ፣ አሻንጉሊቱ፣ አልባሳቱና ዜማው ከየት እንደ መጡና ምን ሥራ እንደሚሠሩ መመርመር ነው።

ትርኢቱን በለንደን ስማር ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ዋጋው አነስተኛ ስለ ሆነ ከላይኛው ደርብ ተቀመጥሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ ከምድር ወለሉ ነበርሁ። ይህን የምናገረው የተቀመጡበት ስፍራ በዚህ ቴአትር ላይ ብዙ ልዩነት ስለሚያመጣ ነው። መጋረጃው እንደ ተከፈተ እንስሳቱ ወደ መድረኩ የሚመጡት ከመድረኩ ጓዳ ብቻ ሳይሆን ከተመልካቹ ኋላ፣ በወንበሮቹ መካከል ባሉት መተላለፊያዎች ጭምር ነው። በላይኛው ደርብ የተቀመጠ ሰው ይህን ሰልፍ በሙሉ አያየውም፤ ከበታቹ ያሉት ሰዎች በመደነቅ የሚያሰሙትን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ነገር ግን እንስሳቱ መድረኩ ላይ ከወጡ በኋላ፣ ቍልቍል የሚመለከተው ሰው በምድር ካለው የተሻለ አንድ ነገር ያያል፤ እርሱም በየእንስሳው ውስጥ ያለውን ሰው ነው።

የዝግጅቱ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። አዘጋጅዋ ወይዘሮ ጁሊ ቴይሞር፣ ከሚስተር ማይክል ከሪ ጋር ሆነው ጭምብሎቹንና አሻንጉሊቶቹን ሲነድፉ፣ እንስሳውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው እንዳይሰወር ወስነዋል። ቀጭኔውን የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ በእጆቹና በእግሮቹ ረጃጅም የእንጨት እግር አስሮ በአራቱ ይሄዳል፣ የቀጭኔው አንገት ከራሱ በላይ ይቆማል፣ የሰውዬው ፊት ግን ከሥሩ ይታያል። በዝሆኑ አራት እግሮች ውስጥ አራት ሰዎች ይራመዳሉ። አቦሸማኔዋ ከሴት ተወዛዋዥ ወገብ ፊት ለፊት ተያይዛለች፤ ራሷም ከተወዛዋዥዋ ራስ ጋር በገመድ ስለ ታሰረ፣ ሰውየዋ አንገቷን ዘንበል ስታደርግ እንስሳዪቱም አብራ ዘንበል ትላለች። የሚዳቋ መንጋ የሚዘለው ደግሞ አንድ ሰው ጎማ ያለበትን መሣሪያ እየገፋ ሲሄድ ነው፤ መንኰራኵሩ በዞረ ቍጥር ሚዳቋዎቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ተመልካቹ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያያል፤ እንስሳውንም፣ እንስሳውን የሚያደርገውንም ሰው። አዘጋጅዋ ይህን «ድርብ ሁነት» ብለው ይጠሩታል። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ ምናልባት «ዘዴው ከታየ ምን ደስታ ይቀራል?» ይል ይሆናል። እኔም ሳላየው በፊት እንዲሁ አስብ ነበር። በእርግጥ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሽቦውና ገመዱ ስለሚታይ ተመልካቹ እንደ ተታለለ አይቈጥርም፤ ራሱ ዐውቆና ፈቅዶ እንጨቱን ቀጭኔ ያደርገዋል። ስለዚህ ሥራው ከመድረኩ ብቻ ሳይሆን ከተመልካቹም ዘንድ ይሠራል።

የአገራችን አንባቢ ይህን ነገር ለማስተዋል ከሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ፊትን የሚሸፍን ጭምብል እምብዛም አይታወቅም፤ ጎፈር ግን ይታወቃል። አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ ጀግንነቱ የተመሰከረለት ሰው የአንበሳውን ጎፈር በራሱ ላይ ይደፋ ነበር። ጎፈሩ በግንባሩ ዙሪያ ይቆማል፣ ፊቱ ግን ግልጥ ነው። ይህ ሰው አንበሳ ሆኛለሁ አይልም፤ ሰው እንደ ሆነ እየታየ ከአንበሳ ጋር ያለውን ጉዳይ ይመሰክራል። የሙፋሳና የስካር ጭምብልም በተዋንያኑ ራስ ላይ፣ ከፊታቸው በላይ የተቀመጠ ነው። ተዋናዩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ንጉሥና ሰው ነው፤ በቍጣ አንገቱን ወደ ፊት ሲሰድ ጭምብሉ በፊቱ ላይ ይወርድና አውሬ ይሆናል። ወይዘሮ ቴይሞር ይህን ከእኛ ወስደዋል ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱ ነገሮች የተለያየ ምንጭ አላቸው። ነገር ግን ጎፈርን የሚያውቅ ተመልካች ጭምብሉ ለምን ፊትን እንደማይሸፍን ሳይነገረው ይረዳል።

በሚስተር ሪቻርድ ሀድሰን የተነደፈው የመድረኩ ገጽታም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ፀሐይዋ የምትወጣው ከሐር ቅዳጆች ተሠርታ ነው፤ ወደ ላይ ስትሳብ ቅዳጆቹ ስለሚወዛወዙ በሙቀት የሚንቀጠቀጥ አየር ይመስላሉ። የነገሥታቱ ዐለት ከመድረኩ ወለል እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞረ ይወጣል። ድርቅ ሲመጣ ውሃ ሆኖ የተነጠፈው ክብ ሐር በወለሉ መካከል ባለች ቀዳዳ ቀስ በቀስ እየተሳበ ይጠፋል። ሴቶቹ አንበሶች ስለ ንጉሣቸው ሲያለቅሱ ከጭምብሎቻቸው ዐይን ነጭ ጥብጣብ እየጎተቱ ያወጣሉ። ሣሩ ደግሞ በሰው ራስ ላይ የተሸከሙት ነው፤ ተወዛዋዦቹ ሣር የበቀለበት ሰሌዳ በራሳቸው ተሸክመው ሲራመዱ ሜዳው ራሱ ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ የዝግጅቱን ብልሃት የሚያሳየው የመንጋው ሩጫ ነው። ደቦሉ በሸለቆ ውስጥ ሳለ ዊልደቢስት የተባሉት የዱር ከብቶች ሲነዱበት፣ በመጨረሻው የመድረክ ጥግ ትናንሽ እንስሳት የተሣሉበት ሸራ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ወደዚህ ተለቅ ያሉ እንስሳት የተተከሉባቸው ከበሮ መሰል መንኰራኵሮች ይዞራሉ፤ ከፊት ደግሞ ትልልቅ ጭምብል የያዙ ተወዛዋዦች ይዘልላሉ። ከሩቅ ወደ ቅርብ እያደጉ በመምጣታቸው ጥቂት ሰዎች እልፍ መንጋ ይመስላሉ። በእንጨት፣ በሸራና በሰው እግር የተሠራው ይህ ክፍል ፊልሙ በዚያው ስፍራ ካደረገው ይልቅ ልብን ያስደነግጣል።

ዝግጅቱ የሚደክመው ይህን መንገድ በተወባቸው ክፍሎች ነው። ቲሞን የተባለው ትንሹ እንስሳና ፑምባ የተባለው ከርከሮ በመልካቸውም በአነጋገራቸውም ፊልሙን ተከትለው ተሠርተዋል። ቲሞንን የሚያንቀሳቅሰው ተዋናይ አረንጓዴ ለብሶ ከአሻንጉሊቱ ኋላ ስለሚቆም እጁ አልተሰወረም፤ ይሁን እንጂ አሻንጉሊቱ ከፊልሙ ተገልብጦ የተቀዳ ስለ ሆነ ተመልካቹ የሚጨምረው ነገር የለም። ሕፃናት በእነዚህ ሁለቱ ይሥቃሉ፣ ይህም ነውር አይደለም። ነገር ግን በሐርና በእንጨት የተቋቋመው ዓለም እነርሱ በመጡ ጊዜ ወደ ሸቀጥነት ይጠጋል።

እዚህ ላይ የጥናታችን ዋና ጥያቄ ይመጣል። ይህ ትርኢት አፍሪካን አሳያለሁ ይላል፤ የአፍሪካ የሆነው ግን የትኛው ክፍል ነው? ወይዘሮ ቴይሞር በወጣትነታቸው በፓሪስ በዣክ ለኮክ ትምህርት ቤት ያለ ንግግር በአካል መተወንን ተምረዋል፤ በ1970ዎቹ ዓመታት በኢንዶኔዥያ ብዙ ጊዜ ኖረው የራሳቸውን የቴአትር ጓድ አቋቁመዋል። አሻንጉሊትን ከነአንቀሳቃሹ ማሳየት በጃፓን ቡንራኩ በተባለው ቴአትር የኖረ ልማድ ነው። ስለዚህ የአሠራሩ ጥበብ በአብዛኛው የእስያ ነው። የገጸ ባሕርያቱ ስም፣ ሲምባና ራፊኪ የመሰሉት፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ከስዋሂሊ ቋንቋ ተወስደዋል፤ መዘምራኑ የሚዘምሩት ግን በአብዛኛው በዙሉና በሌሎች የደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው። በልብሱ ላይ ያለው ጌጥና ዶቃ ደግሞ ከብዙ ሕዝቦች ተለቅሞ በአንድነት የተሰፋ ነው፤ የትኛው የማን እንደ ሆነ ከመድረኩ አይታወቅም።

መዋስ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሳይዋስ የኖረ ቴአትር በምድር ላይ አላውቅም። መለየት የሚገባን ግን የተዋሱትን ለውጦ አዲስ ሥራ ማድረግንና የብዙዎችን ንብረት ደባልቆ ስም የለሽ ማድረግን ነው። የአሻንጉሊቱ አሠራር የመጀመሪያው ነው። የልብሱ ጌጥ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል።

በአፍሪካዊነቱ የማይጠረጠረው ክፍል ድምፁ ነው። የኤልተን ጆን ዘፈኖች በፊልሙ የታወቁ ቢሆኑም፣ ለመድረኩ ክብደት የሰጡት በሶዌቶ የተወለዱት ሌቦሀንግ ሞራኬ፣ በተለምዶ ሌቦ ኤም የሚባሉት፣ ያቀነባበሩት የመዘምራን ዜማ ነው። በፊልሙ ወንድ የነበረችው ራፊኪ በመድረኩ የደቡብ አፍሪካን አዋቂ ባለ መድኃኒት የምትመስል ሴት ሆናለች፤ ትርኢቱም የሚጀመረው በእርሷ ጥሪ ነው። ከበሮ መቺዎቹ እንደ ሌሎቹ ሙዚቀኞች ከመድረኩ በታች አልተሰወሩም፤ በግራና በቀኝ ባሉት ሰገነቶች ተቀምጠው ሲመቱ ይታያሉ። ከበሮ በመዘምራን መካከል ተይዞ ሲመታ እያየ ላደገ ሰው ይህ አቀማመጥ ትክክለኛ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚሁ ከድምፁ ወገን አንድ የተሰወረ እጅ ነበረ። በፊልሙም በመድረኩም ላይ በቀልድ መልክ ከሚዘፈኑት ዘፈኖች አንዱ መነሻው ሰሎሞን ሊንዳ የተባሉ የዙሉ ዘፋኝ በ1939 በጆሃንስበርግ ያስቀረጹት «ምቡቤ» የተባለ ዜማ ነው፤ ትርጕሙም «አንበሳ» ማለት ነው። ይህ ዜማ በአሜሪካ በ1961 አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ተጨምሮበት በዓለም ሁሉ ሲታወቅ፣ በደራሲነት የተጻፉት ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ሊንዳ በ1962 በድኽነት ሞቱ። ወራሾቻቸው በ2004 ክስ መሥርተው በ2006 በስምምነት ከገቢው ድርሻ እንዲያገኙ ተደረገ። እንግዲህ የቀጭኔውን እግር የሚያንቀሳቅሰው ሰው እንዲታይ ያን ያህል የተጠነቀቀ ትርኢት ለብዙ ዓመታት ሲታይ፣ የአንበሳውን ዜማ የሠራው ሰው እጅ አልታየም። ጥፋቱን የጀመሩት የቴአትሩ አዘጋጆች አይደሉም፤ በሙዚቃው ንግድ ከእነርሱ በፊት የተፈጸመ ነው። ቢሆንም እጅን ማሳየት የሥነ ጥበባቸው መሠረት ከሆነ፣ ከማንም በፊት መጠየቅ የሚገባቸው እነርሱ ነበሩ።

ይህን የምጽፈው የሌላውን አገር ጥፋት ለመቍጠር አይደለም። በአዲስ አበባ ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የድንጋይ አንበሳ ቆሟል፤ በ1955 የቆመው ይህ ሐውልት የፈረንሳዊው የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። በአጠገቡ ከሚያልፉት ሰዎች መካከል የሠሪውን ስም የሚያውቀው ጥቂት ነው። በየመድረኮቻችንም «ባህላዊ ጭፈራ» በሚል አንድ ስም የጉራጌው፣ የትግሬው፣ የወላይታውና የኦሮሞው ውዝዋዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ልብስ እየተለወጠ ይታያል። ዘፈኑ ከየትኛው ወረዳ እንደ ተገኘ፣ በሠርግ ወይስ በአዝመራ እንደሚዘፈን፣ ማን እንዳስተማረው ብዙ ጊዜ አይነገርም። በለንደን መድረክ ላይ የነቀፍሁት የዶቃ መደባለቅ በገዛ ደጃችን በትከሻና በእግር ይፈጸማል።

ስለዚህ ለቴአትርና ለሕዝብ ልማድ ተማሪዎች ከዚህ ሥራ ሁለት ነገር እንዲወስዱ እመክራለሁ። የመጀመሪያው የመድረክ ጥበብ ነው፤ ውድ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ በሐር ቅዳጅ፣ በሸራና በግልጥ በሚታይ ሰው ብዙ መሥራት እንደሚቻል ይህ ዝግጅት አስረድቷል። ምንም እንኳ ኩባንያው ባለጠጋ ቢሆን፣ ከሥራው ሁሉ የሚያስደንቀው ክፍል ብዙ ገንዘብ የሚፈልገው አይደለም። ሁለተኛው ከጎደለው ነገር የሚወሰድ ነው። የአንድን ወረዳ ዘፈን ወደ መድረክ የሚያመጣ ሰው፣ በደጃፍ በሚታደለው ወረቀት ላይ የተዋንያኑን ስም በሚጽፍበት ፊደል መጠን የዘፈኑን አገር፣ የሚዘፈንበትን ጊዜና ያስተማረውን ሰው ስም ይጻፍ። ይህን ለመጀመር አዲስ ሕግም ሆነ አዲስ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው ትርኢት መጀመር ይቻላል።