“ሮክሳን”፤ በራስ መሳቅና ራስን መቀበል

በመልኩ የሚያፍር ታካሚ ብዙ ጊዜ ጭንቀቱን በቀጥታ አይናገርም፤ ይቀልዳል። እኛም አብረነው ስቀን፣ ሳቁን እንደ ጤንነት ምልክት ቆጥረን ወደ ቀጣዩ ታካሚ እናልፋለን። እ.ኤ.አ. በ1987 ፍሬድ ስኬፕሲ ያዘጋጀው “ሮክሳን” የተሰኘ አስቂኝ ፊልም ይህን ልማዳችንን እንድንመረምር ያደርገናል።

ፊልሙ፣ ኤድሞን ሮስታን እ.ኤ.አ. በ1897 ለመድረክ ያበቃውን “ሲራኖ ደ ቤርዠራክ” የተሰኘ ተውኔት ወደ አንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ያመጣዋል። ጽሑፉን የደረሰው ስቲቭ ማርቲን ራሱ፣ እጅግ ረጅም አፍንጫ ያለውን የእሳት አደጋ ቡድን አለቃ ሆኖ ይጫወታል። ሰውዬው አፍንጫውን በቀዶ ሕክምና ለማሳጠር ቢመኝም፣ ለማደንዘዣ መድኃኒት አደገኛ አለርጂ ስላለበት ሐኪሙ አይፈቅድለትም። ያለው ምርጫ ከአፍንጫው ጋር መኖር ብቻ ነው።

በመጠጥ ቤት አንድ ሰው በአፍንጫው ሲሳለቅበት፣ ስድቡ ተራ መሆኑን ነግሮት ሃያ የተሻሉ ቀልዶችን በገዛ አፍንጫው ላይ ይደረድራል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ተመልካችም “ይህ ሰው ራሱን ተቀብሏል” ብሎ ሊደመድም ይችላል። የፊልሙ ብልሃት ይህን ድምዳሜ ማፍረሱ ነው። በተሳዳቢ ፊት ሃያ ቀልድ የማይገደው ሰው፣ በሚወዳት ሴት ፊት አንዲት የልብ ቃል መናገር ያቅተዋል፤ ፍቅሩንም በሌላ መልከ መልካም ወጣት ስም በደብዳቤ ይገልጣል።

እንዲያም ሆኖ ቀልዱ ከንቱ አይደለም። ስድቡን ከተሳዳቢው አፍ ነጥቆ በራሱ ቃል ሲናገረው፣ ስለ አካሉ የመናገር ሥልጣን ወደ እርሱ ይመለሳል። እንከኑን ሲሸሽግ የኖረ ተመልካችም፣ የሚፈራው ነገር ሁሉ ጮክ ተብሎ ሲነገርና ሰውዬው ጸንቶ ሲቆም ያያል። ይህም ትልቅ እፎይታ ነው።

ፊልሙ የሚደክመው በፍጻሜው ነው። ሮስታን ጀግናውን በሞት ሲያሰናብት፣ ማርቲን ግን በሮክሳን ፍቅር ይክሰዋል፤ ራስን መቀበልም ከሌላ ሰው የሚገኝ ስጦታ መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለ አፍቃሪ የማያገኙ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ደግሞም የተዋናዩ አፍንጫ ከቀረጻ በኋላ ይወልቃል፤ የታካሚያችን ጠባሳ ግን አብሮት ወደ ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ ፊልሙን ለታካሚ እንደ መድኃኒት ልናዝዘው አይገባም፤ ለእኛ ግን ትምህርት አለው። ታካሚው በጠባሳው፣ በውፍረቱ ወይም በመንተባተቡ ሲቀልድ እኛ አንጨምርበት፤ ሳቁ ሲበርድም “ይህ ነገር ያስጨንቅዎታልን?” ብለን እንጠይቀው፤ መልሱንም ታግሠን እንስማ።