ስለ ትራክባክ አጭር ነቀፌታ

አንዱ ጸሐፊ የሌላውን ድረ ገጽ በማያያዣ ቢጠቅስ፣ ተጠቃሹ ወሬውን አይሰማም፤ ቢነቀፍም መልስ ለመስጠት አይችልም። ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ ሲክስ አፓርት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ትራክባክን አወጣ፤ ይኸውም የጠቃሹን ጽሑፍ አርእስት፣ ቅንጫቢና አድራሻ ለተጠቃሹ የሚያደርስ ዘዴ ነው። እኛ የምንነቅፈው የላኪውን ቃል ሳያጣራ መቀበሉን ነው። ማንንም ከቶ ያልጠቀሱ ነጋዴዎች ማስታወቂያቸውን በዚሁ በር ስላጎረፉ፣ ብዙ ባለገጾች ጨርሰው ዘጉት። (ያለ ምስክር የሚፈርድ ዳኛ ደጃፉ ቢጨናነቅ ምን ይደንቃል?) ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሺየም በ2017 ያጸደቀው ዌብሜንሽን ግን የጠቃሹንና የተጠቃሹን ገጽ አድራሻ ብቻ ይልካል፤ ተቀባዩም የጠቃሹን ገጽ ከፍቶ ማያያዣውን ራሱ ሳያገኝ እንዳያምን ያዛል። ይህን እንመርጣለን። ሆኖም የማያያዣውን መኖር እንጂ ጠቃሹ ጽሑፉን ማንበቡን አይመሰክርም።