ቅይጥ ወይስ ኒስባ? የአርዲቦን ሰው ማንነት ስለማንበብ

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ሠርግ የሚደግስ ሙስሊም ለክርስቲያን ጎረቤቶቹና ዘመዶቹ የሚታረደውን ለብቻ ያዘጋጃል፤ አራጁም ወጥ ሠሪዋም ከእነርሱ ወገን ናቸው። ክርስቲያኑም በተራው ለሙስሊም እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ዳሱ አንድ ነው፤ ቢላዋው ግን ሁለት ነው። ይህ በመላው ወሎ የታወቀ ልማድ ስለሆነ ማንም እንደ ልዩ ነገር አይቆጥረውም። ስለ ወሎ ሰው የሚጽፉና የሚናገሩ ብዙዎች ግን ይህን ሰው «ቅይጥ» ይሉታል፤ አንዳንዱ ሊነቅፈው፣ አንዳንዱ ሊያወድሰው። እኔ ቃሉን በሁለቱም አፍ እቃወመዋለሁ።

የነቀፋው መልክ የቆየ ነው። ትሪሚንግሃም እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው «እስልምና በኢትዮጵያ» በተሰኘው መጽሐፉ የሀገራችንን ሙስሊም ከቀደሙ እምነቶች ቅሪት አንጻር አብዝቶ አንብቦታል። ለዚህ አነባበብ በቂ መልስ የሰጡት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናታቸው የጀማ ንጉሥን፣ የጌታንና የዳናን የዕውቀት ማዕከላት በስፋት አቅርቦ ወሎ የራሱ የትምህርትና የተሐድሶ ታሪክ ያለው መሆኑን አስረድቷል። ከዚህ ሥራ በኋላ የወሎን እስልምና «ከላይ የተቀባ» ማለት አለማንበብ ነው። ነገር ግን የመጽሐፉ ባለታሪኮች በአብዛኛው መሻይኽ፣ ባላባቶችና ነጋዴዎች ናቸው። አርሶ አደሩ፣ የዕድሩ አባል፣ ክርስቲያን አጎት ያለው ባለትዳር በውስጡ ብዙ አይታይም። ክፍተቱን የሞላው ዛሬ በየመድረኩ የምንሰማው የ«መቻቻል» ወግ ነው፤ እርሱም የወሎን ሰው ሃይማኖቱ የሳሳ በመሆኑ የተመሰገነ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። ምስጋና ቢመስልም የትሪሚንግሃም ንባብ ግልባጭ ነው።

ኤልዋ ፊኬ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ሥጋ ባሳተመው ጥናት እርድ በኢትዮጵያ በሙስሊሙና በክርስቲያኑ መካከል የወሰን ምልክት መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ለ«ቅይጥ» ባዮች ጥሩ ምላሽ ነው፤ የተቀየጠ ሰው ሁለት ቢላዋ አያስፈልገውምና። እኔ የምጨምረው፣ ወሰኑ የተሠመረው በአንድ ደጋሽ ወጪና በአንድ ዳስ ውስጥ መሆኑን ነው። ለጎረቤት የሚገባው ሐቅና ለዲን የሚገባው ሐቅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ ይፈጸማሉ።

ለዚህ ዓይነቱ ሰው የራሳችን ቅርስ የተሻለ ቃል አለው፤ እርሱም ኒስባ ነው። ኒስባ ሰውን ወደ ነገዱ፣ ወደ ሀገሩ፣ ወደ መዝሀቡ፣ ወደ ጠሪቃው ወይም ወደ ሥራው የሚያስጠጋ ስያሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 ያረፉት የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የካይሮ ሰው፣ በመዝሀብ ሐነፊ ነበሩ፤ ከትውልዶች በፊት ከሀገራችን አካባቢ የሄደው ቤተሰባቸው በአል-አዝሀር የጀበርቲዎችን ሪዋቅ ያስተዳድር ስለነበር ጀበርቲነታቸው አልጠፋም። ማንም ግማሽ ግብጻዊ አላላቸውም። ቢላልም ሐበሻዊ፣ ሰልማንም ፋርሳዊ እየተባሉ ሶሐባ ነበሩ። የእኛዎቹም የጌታው ሸኽ፣ የዳናው ሸኽ ይባላሉ። ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ የሚሉት የቦታ ስሞች ራሳቸው የኦሮሞ የቤተሰብ መጠሪያ ይዘው በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ይኖራሉ፤ «አማራ ነህ ወይስ ኦሮሞ» ብሎ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ የሚጠይቅ ሰው ይህን አላስተዋለም።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ዲንን ከነገድና ከሰፈር ጋር በአንድ ረድፍ አሰለፍህ የሚል። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ኒስባዎች እኩል አይደሉም፤ የሁለቱ ቢላዋ ልማድ የሚያሳየውም ዲን በሌሎቹ ውስጥ ገብቶ ወሰን የሚሠራ መሆኑን ነው። ኒስባዎች የሚጋጩበት ጊዜም አለ፤ ግጭቱ የሚከፋው ግን ሥልጣን ሲገባበት ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲያዝዙ፣ የወረሂመኖው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ሚካኤል ተብለው ግዛታቸውን ይዘው ቆዩ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ክስ ሰልሟል የሚል ነበር፤ የአባት ኒስባ በልጅ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ። ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በበኩላቸው ትእዛዙን ተቃውመው ተዋጉ። እኚህ ሰው መንዙማ የደረሱት በዐረብኛ ብቻ ሳይሆን በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛም ነው። ያስጠምቅ የነበረው ቤተ መንግሥት ቋንቋም አማርኛ ነበር። ሸኹ ግን ጥምቀቱን እምቢ ሲሉ ቋንቋውን የሌላ ሰው ንብረት አላደረጉትም።

ጉዳዩ በመስጊድ ደጃፍ የሚቆም ስለሆነ ለኢማሞች የማነሣው አንድ ነጥብ ይቀረኛል። አባቱ ሙስሊም፣ እናቱ ክርስቲያን የሆነች ሰው ሲጠይቀን አንዳንዶቻችን ቤተሰቡን እንዲቆርጥ፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ልዩነቱን እንዲረሳ እንመክረዋለን። ፊቅህ ሁለቱንም አይልም። አስማ ቢንት አቢ በክር ገና ያልሰለመች እናታቸው በመጣች ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቀው ዝምድናዋን እንዲቀጥሉ ታዘዋል። በሌላ በኩል በሁለት ሃይማኖት መካከል ውርስ እንደሌለ አብዛኞቹ ዑለማ ይስማማሉ፤ ኑዛዜን ግን እስከ ሢሶ ድረስ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ያ ሰው ለእናቱ በውርስ የማታገኘውን በኑዛዜ ሊተውላት ይችላል፤ እንዴት እንደሚጻፍ ሊያስተምረው የሚገባውም የሰፈሩ ኢማም ነው።