ፎካሪና ዘማች

ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተነሥቶ በልደታ በኩል ወደ ጥቁር አንበሳ የሚያመራ መንገደኛ የጦርነትን ሁለት ገጽ በአንድ ጉዞ ያያል። በአንደኛው ጫፍ ቁስለኛ ወታደር የሚታከምበት ግቢ አለ። በሌላው ጫፍ፣ በቸርችል ጎዳና በኩል፣ ቀይ ኮከብ በአናቱ የተሸከመው የትግላችን ሐውልት ቆሟል። የመጀመሪያው ጦርነት በሰው አካል ላይ ያደረሰውን ያሳያል፤ ሁለተኛው መንግሥት ሕዝቡ ስለ ጦርነት እንዲያስብ የፈለገውን ይናገራል። ኪነ ጥበብ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ምን ሲሠራ እንደኖረ መመርመር የከያንያን ብቻ ሳይሆን የመምህራንና የካድሬዎችም ጉዳይ ነው።

በሀገራችን የጦርነት ጥሪ ለኪነ ጥበብ ባዳ ሆኖ አያውቅም። ነጋሪት ተጎስሞ ክተት ሲታወጅ ቀረርቶው፣ ሽለላውና ፉከራው አብረው ይነሣሉ። ነገር ግን የጥንቱ ፉከራ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ የሚፎክረው የሚዘምተው ራሱ ነው። በጓደኞቹና በአለቃው ፊት የተናገረውን በጦር ሜዳ ካልፈጸመ መሳቂያ ይሆናል፤ ከድል በኋላ ሲፎክርም ውሎውን ያየ ምስክር በአጠገቡ አለ። ስለዚህ ፉከራ ከማነሣሻነቱ በላይ ቃል ኪዳን ነበር። ዘመናዊው የጦርነት ቅስቀሳ ያፈረሰው ይህንኑ ሕግ ነው። ሬዲዮው፣ ጋዜጣውና መድረኩ ፎካሪውን በከተማ አስቀርተው ዘማቹን ወደ ግንባር ላኩ።

ይህ የአንድ ሀገር ጠባይ አይደለም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ መንግሥት የኢጣልያ ሴቶች በሮማ በሚገኘው የማይታወቀው ወታደር መቃብር ለኢትዮጵያ ወረራ የጋብቻ ቀለበታቸውን እንዲሰጡ አድርጎ ነበር። ንግሥቲቱ ኤሌናም ቀለበታቸውን ሰጡ። ወርቁ የራሱ ጥቅም ነበረው፤ ይበልጥ የተፈለገው ግን ቀለበቷን የሰጠች ሴት ጦርነቱን የራሷ አድርጋ ወደ ቤቷ መመለሷ ነው።

በእኛ ሀገር ደርግ ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ አሰማ፤ ሰኔ 18 ቀን የሚሊሺያው ሠራዊት በአብዮት አደባባይ ተሰለፈ፤ በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። እዚህ ላይ ፍርድን ማመዛዘን ይገባል። ወረራው እውነት ነበር፤ ሕዝቡም የተነሣው ተታሎ አልነበረም። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነፃ የወጣችው በእውነተኛ መሥዋዕትነት ነው። ቅስቀሳ ከሁሉ የሚበረታውም ከእውነት ሲነሣ ነው። አደጋው የሚመጣው ለአንዱ ጦርነት እውነት የነበረው ቃል ለሌላው በውሰት ሲሰጥ ነው። «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» የሚለው መፈክር ወራሪን ለመመከት እንደ ዋለ ሁሉ፣ ፖለቲካዊ መፍትሔ ይሻ ለነበረው ለኤርትራው ጦርነትም ዋለ። የሚያስተጋቡት የኪነት ቡድኖችም ልዩነቱን እንዲጠይቁ አልተፈቀደላቸውም።

የትግላችን ሐውልት የዚህ ውሰት የድንጋይ መልክ ነው። በሰሜን ኮርያ እርዳታ ተሠርቶ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ተመረቀ። በኦጋዴን የወደቁ የኩባ ወታደሮች ምስል በስፍራው መታየቱ ተገቢ ክብር ነው። በግድግዳዎቹ ላይ የተቀረጸው ታሪክ ግን በድል የሚያበቃ ቀጥተኛ መስመር ነው። የአፄው ዘመን ረሃብ ተቀርጿል፤ ሐውልቱ በሚመረቅበት ወቅት ወሎንና ትግራይን ያጠቃ የነበረው ረሃብ ግን ከበዓሉ ድምቀት ውጭ ተደርጎ ነበር። ከምረቃው አንድ ወር ያህል ቆይቶ በጥቅምት ዓለም የኮረምን ረሃብተኞች በቴሌቪዥን አየ። ቅርጹ የእጅ ሙያ አይጎድለውም፤ የሚጎድለው ምስክር ነው።

ምስክሩ ቀድሞ በወረቀት ላይ መጥቶ ነበር። በጥር 1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ በአሥመራ ሲታወጅ፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ የነበረው በዓሉ ግርማ ከዘመቻው ጋር ነበር። በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» ዋና ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የዘመቻው የቅስቀሳ ሰው ነው፤ ሥራው ፉከራ ነው ማለት ይቻላል። የልቦለዱ ኃይል ይህን ሰው ከአሥመራ ሆቴሎች አውጥቶ እስከ ናቅፋ ተራሮች ማድረሱ ላይ ነው። በዚያ ድምፅና አካል እንደ ገና ይገናኛሉ፤ በመግለጫ ያለቀው ጦርነት በተራራው ላይ አላለቀም። መጽሐፉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። የስለላው ሴራ አልፎ አልፎ ከሰዎቹ ሕይወት በላይ ገንኖ ይታያል፤ ከወዲያኛው ወገን የተሰለፈው ታጋይም ከውስጥ አይታይም። ሆኖም የጥንቱን ሕግ መልሷል፤ የተናገረው ያየው ነው። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ። ደራሲው የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ሐውልቱ በተመረቀ ጊዜ ከተሰወረ ሰባት ወር አልፎት ነበር።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት በሁሉም ወገን ቀረርቶው ከሬዲዮ ወደ እጅ ስልክ ተዛወረ፤ ፎካሪው በውጭ ሀገር ከተማ፣ ዘማቹ በወሎና በትግራይ ምሽግ ሆኑ። ርቀቱ በሰፋ ቁጥር ቃሉ ከረረ፤ የሟቹ ስም ግን አልተሰማም።

የኪነ ጥበብ ሰው ሀገሩ ስትወረር ዝም ይበል የሚል ፍርድ ከዚህ አይወጣም። ገጣሚው ሊሸልል ይችላል፤ ጸሐፌ ተውኔቱም ጀግናውን በመድረክ ሊያቆም ይችላል። የሚፈለግበት የሚዘምተው ማን እንደ ሆነ መጠየቅና የቆሰለውን በዓይኑ ማየት ነው። የሐውልቱን ግድግዳ ለተማሪዎቹ የሚያስረዳ መምህርም የተቀረጸውን ካስረዳ በኋላ ያልተቀረጸውን እንዲፈልጉ ቢያዛቸው፣ ከዚያም በልደታ በኩል ወደ ሆስፒታሉ ቢወስዳቸው፣ ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።