ትናንሽ ቱባዎች ለማን ይስማማሉ?
ስለ ድምፅ ጠባያቸው፣ ስለ ቃና ልካቸውና ስለ አመቺነታቸው የቀረበ ሒስ

ቱባ በነሐስ መሣሪያዎች ጓድ ውስጥ እንደ ቤት መሠረት ነው። ሳለ ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ሲጎድል ግን ቤቱ ሁሉ ይናጋል። መሣሪያው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1835 በበርሊን ከተማ በቪልሄልም ቪፕሬሽትና በዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትዝ ከወጣ ወዲህ መጠኑ ሲያድግም ሲያንስም ኖሯል። በዘመናችንም ለተማሪና ለመንገደኛ ተብለው የሚሠሩ ትናንሽ ቱባዎች በርክተዋል። ሻጮች «ትንሽ ነው፤ ድምፁ ግን የትልቁ ነው» ይላሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህን ቃል ልንመረምር አስበናል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ልከው ነበር። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው ሙዚቀኞቻቸው አደረጓቸው፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ሙዚቀኞች ተከታትለው ተነሡ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ መሣሪያቸውን መንግሥት የገዛላቸውና በመኪና ያጓጓዘላቸው ነበሩ።

በአቃቂ ቃሊቲ በሳሪስ አቦ ሊቋቋም የሚችል የወጣቶች ጓድ ኑሮው ሌላ ነው። ገንዘብ አዋጥቶ የሚገዛው አንድ ቱባ ብቻ ነው። የሚነፋውም በሜዳ ወይም ከባድ መኪና ወደ ቃሊቲ በሚወርድበት መንገድ ዳር ይሆናል። ተሸካሚው ተማሪ የሚሳፈረው በሚኒባስ ወይም በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር ነው። 9 ወይም 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሙሉ ቱባ ከነሣጥኑ በሚኒባስ በር ማስገባት ምን እንደሚመስል በዚያ መንገድ ለተሳፈረ ሰው ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ የትንሹ ቱባ ጉዳይ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። አንድ ጊዜ በስሕተት የተገዛ መሣሪያ የልጆቹን ጆሮ ለብዙ ዓመት ያጣምማልና።

በመሠረቱ «ትንሽ» የሚለው ቃል አሳሳች ነው። የድምፁን ከፍታ የሚወስነው የቧንቧው ርዝመት እንጂ የመሣሪያው ቁመት አይደለም። የቢ-ፍላት ቱባ ቧንቧ ቢዘረጋ ትልቁም ትንሹም 5 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሠሪው ያሳነሰው አጠቃለሉን፣ የቧንቧውን ስፋትና የአፉን ክብ ነው። ለንጽጽራችን ሦስት ዓይነቶችን ወስደናል። አንደኛው እንደ ያማሃ ዋይ-ቢ-ቢ 105 ያለ ባለ ሦስት ቫልቭ ትንሽ ቢ-ፍላት ነው። ሁለተኛው ባለ አራት ቫልቭ ትንሽ ቢ-ፍላት ነው። ሦስተኛው ለጉዞ ተብሎ ጠበቅ ተደርጎ የተጠቀለለ፣ ቧንቧው 3.7 ሜትር ያህል የሆነ ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ቫልቭ የኤፍ ቱባ ነው።

ከድምፅ ጠባይ እንነሣ። የቱባው ዝቅተኛ ቢ-ፍላት በሴኮንድ 58 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። ጠባብ አፍ ይህን ዝቅተኛ ንቅናቄ ወደ ውጭ የማድረስ ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ ከላዩ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ግን በደንብ ያወጣል። ጆሮአችን ከተከታዮቹ ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ስለሚሞላ፣ በክፍል ውስጥ ትንሹ ቱባ ከትልቁ ብዙ የራቀ አይመስልም። የሻጩ ቃል እውነት የሚሆነው እዚያ ነው። በመንገድ ዳር ግን የከባድ መኪና ሞተር ያንኑ ዝቅተኛ ስፍራ ይይዝበታል። ከሦስቱ የኤፍ ቱባ በመካከለኛው ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን ይሳሳል። በዚህ በኩል ሁለቱ ቢ-ፍላቶች ይሻላሉ። የሦስቱም ጉድለት ግን ነፊውን ከግድግዳ አጠገብ በማቆም በከፊል ይታገዛል።

የቃና ልክ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታገዝም። ቫልቭ ሲጫኑት በቧንቧው ላይ ተጨማሪ ቧንቧ ይቀጥላል። አንደኛው ቫልቭ አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ሁለተኛው ግማሽ፣ ሦስተኛው አንድ ተኩል ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። እያንዳንዱ ቅጥያ የተለካው ግን ለባዶው ቧንቧ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው አብረው ሲጫኑ የረዘመው ቧንቧ ከዚያ የበለጠ ቅጥያ ስለሚፈልግ፣ በ5 ሜትር ተኩል ቧንቧ ላይ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጎድላል። ሦስቱም ሲጫኑ ጉድለቱ 24 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ከግማሽ ድምፅ መቶኛ 30 ያህሉን፣ ሁለተኛው ከ50 በላይ የሚሆነውን ወደ ላይ ይስታል። ይህ ለማንኛውም ጆሮ ግልጽ ስሕተት ነው። ነፊው የመጀመሪያውን ለማረም ተንሸራታቹን ቧንቧ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መሳብ አለበት፤ ጠበቅ ተደርጎ በተጠቀለለ ትንሽ ቱባ ላይ ደግሞ እጅ ወደዚያ መድረሱ ያስቸግራል።

አባቶቻችን በእምቢልታ ይህን ችግር በሌላ መንገድ አልፈውታል። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ በየተራው ይነፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቧንቧ ለራሱ ድምፅ ይለካል። ሁሉንም ድምፅ በአንድ ቧንቧ እናውጣ ስንል ማመቻመች ግድ ሆነ። የማመቻመቹ ፍቱን መድኃኒት አራተኛው ቫልቭ ነው፤ የአንደኛውንና የሦስተኛውን ጥምር በትክክለኛ ርዝመት ይተካል። ዴቪድ ብሌክሊም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ጉድለቱን በራሱ የሚያካክስ ቫልቭ አስመዝግቧል።

ባለ ሦስት ቫልቩን ቱባ ግን ፈጽሞ መጣል አይገባም። ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ብቻ ስለሚይዙ ክፉዎቹን ጥምሮች በመነሻ ምርጫ መሸሽ ይቻላል። ትዝታን ከቢ-ፍላት ብንነሣ «ሲ» የግድ ይመጣል፤ በታችኛው ስፍራ የሚወጣው ግን በዚያው በሚስተው ጥምር ነው። ከዲ-ፍላት ብንነሣ ግን ዲ-ፍላት፣ ኢ-ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ-ፍላትና ቢ-ፍላት ይሆናሉ። ከታችኛው ኤ-ፍላት ጀምሮ ወደ ላይ ከነዚህ አራቱ በባዶ ቧንቧ ወይም በአንደኛው ቫልቭ ብቻ ይወጣሉ፤ ዲ-ፍላት ብቻ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ጥምር ይፈልጋል፤ የእርሱም ስሕተት ቀላል ነው። ሆኖም መነሻውን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ዘፋኙ እንጂ ቱባ ነፊው አይደለም።

ስለ አመቺነት ሦስቱም የተመሰገኑ ናቸው። የኤፍ ቱባ ለመሸከም ይቀላል፤ ነገር ግን ቢ-ፍላት የለመደ ተማሪ አጣጣሉን እንደገና መማር አለበት። አንዳንዶች ከፍታው የአዲስ አበባን መሣሪያ ቃና ያዛባል ይላሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። በአየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት ነው፤ አንድ ዲግሪ ሲጨምር ቃናው ከግማሽ ድምፅ መቶኛ 3 ያህሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ በጥር ማለዳ የተቃኘ ቱባ እኩለ ቀን ላይ እንደገና መቃኘት ያሻዋል። ከፍታው የሚጎዳው የነፊውን ትንፋሽ ነው፤ በዚህም ጠበብ ያለው ቧንቧ ለልጅ ሳንባ ይራራል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የሳሪስ አቦ ጓድ አንድ ቱባ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ባለ አራት ቫልቩን ትንሽ ቢ-ፍላት ይግዛ፤ ዋጋው ቢበልጥ አንድ ዓመት ቢታገሥ ይሻለዋል። የኤፍ ቱባ የሚስማማው ሌላ ቱባ አጠገቡ ላለው የሠለጠነ ነፊ ነው። ባለ ሦስት ቫልቩ የጀማሪ መማሪያ ይሁን፤ መምህሩም መነሻውን በጥንቃቄ ይምረጥለት። ገዢው ሻጩን «ድምፁ ትልቅ ነው ወይ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ታችኛውን «ሲ» ያስነፋ፤ ጆሮውንም ይመን።