ማንን እያየሁ ልንፋ?

የኮንሰርት ፊልም የሚሠሩ ሰዎች መድረኩ ላይ ያጡትን ስሜት የተመልካቹ ፊት ላይ ይፈልጉታል። የምታለቅስ ልጅ፣ ወደ ላይ የተዘረጋ እጅ፣ ጓደኛው ትከሻ ላይ ተቀምጦ የሚወዛወዝ ጎረምሳ። በ1970 የወጣው «ውድስቶክ» የተባለ ፊልም ይህን መንገድ ካስያዘው ወዲህ ብዙው ሰው እሱኑ ተከትሎ ነው የሚሠራው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አድሪያን ሜበን የተባለ ዳይሬክተር ግን የዚህን ተቃራኒ አሰበ፤ ሙዚቀኞቹ ይጫወቱ፣ ተመልካች ግን አይኑር አለ።

ሐሳቡ የመጣለት በ1971 ክረምት ለሽርሽር ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ፖምፔን ሲጎበኝ ነው። ፓስፖርቱ ይጠፋበትና ወደ ማታ ላይ ሊፈልገው ወደ ጥንታዊው አምፊቲያትር ይመለሳል። ጎብኚው ሁሉ ሄዶ ድንጋዩና ጸጥታው ብቻ ቀርተዋል። እዚያው ቆሞ የሮክ ባንዱን ፒንክ ፍሎይድን እዚህ ነው ማምጣት አለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የባንዱ ዕቃ በጭነት መኪና ከለንደን ተጉዞ ደረሰ። «ፒንክ ፍሎይድ፣ ለንደን» የሚል የታተመባቸው ጥቁር ሣጥኖች ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ሜዳ ላይ ተደረደሩ።

ከዚያ መብራት የለም። ያመጡትን መሣሪያ ሁሉ የሚሸከም ኃይል እቦታው ላይ አልነበረም፤ ያለችው ጥቂት ቀን ባከነች። መጨረሻ ላይ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ድረስ ረጅም ገመድ ተዘረጋና ሥራው ተጀመረ። ፊልሙ ይህን አያሳይም፤ እኔ ግን ካሜራው በስፒከሮቹ ጀርባ ቀስ እያለ ሲያልፍ ዓይኔ የሄደው ወደ ገመዶቹ ነው። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የሠራ ሰው ጄኔሬተሩን ሳያይ ዘፋኙን አያይም።

ሥራዬ ድምፅ ነው። አገር ቤት ጀምሬው አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ምድር ቤት በሠራኋት ትንሽ ስቱዲዮ የሐበሻ ዘፋኞችን እቀርጻለሁ፣ ሚክስ አደርጋለሁ። ይህን ፊልም ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም በቴሌቪዥን ወይም በኮምፒውተር ነበር። መጀመሪያ በ1972 በኤድንበራ የፊልም ፌስቲቫል ሲታይ የአንድ ሰዓት ያህል ነበር፤ በ1974 የስቱዲዮ ቀረጻ ተጨምሮበት ረዘመ። በ2025 ሚያዝያ ደግሞ ከመጀመሪያው የ35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ታድሶ፣ ርእሱ ላይ በሮማ ቁጥር 1972 ተጽፎበት፣ ስቲቨን ዊልሰን አዲስ ሚክስ ሠርቶለት ሲኒማ ቤቶች ገባ። ሄጄ አየሁት። አዳራሹን የሞላው ከኔ ዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ነበር፤ ፖፕኮርን የያዘው ጥቂት ነው።

ለድምፅ ሰው የዚህ ፊልም የመጀመሪያው ጉድ ባዶነቱ ነው። ከባንድ ጋር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሳውንድ ቼክ ላይ አዳራሹ ባዶ ሳለ ያስተካከልከው ድምፅ ማታ ሰው ሲገባ ሌላ ይሆናል። የሰው ገላና ልብስ ቀጭኑን ድምፅ ይመጠዋል፤ ጭብጨባውና ወሬው ደግሞ የቀረውን ይሸፍነዋል። ሙዚቀኛው ያኔ ራሱን መስማት ያቅተውና ሞኒተሩን ጨምርልኝ እያለ በእጁ ያመለክታል፤ አንዱ ሲጨምር ሌላውም ይጨምራል፤ ዘጠና ደቂቃ ሳይሞላ መድረኩ የጩኸት ገበያ ነው። ፖምፔ ላይ ይህ የለም። ጣሪያ የለም፤ የሚመጣ ሰው የለም። አራቱ የባንዱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ያልተበላሸ ሳውንድ ቼክ ላይ ናቸው። ስለዚህ ዝቅ አድርገው መጫወት ይደፍራሉ። ፊልሙን የሚከፍተውና የሚዘጋው «ኢኮስ» ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚሄድ፣ ለሁለት የተከፈለ ሥራ ነው። የሚጀምረው ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት በሚነካት አንዲት ቀጭን የፒያኖ ኖታ ሲሆን ድምፁ በሚሽከረከር ስፒከር ውስጥ አልፎ ነው የሚወጣው። እልፍ ሰው የሚያፏጭበት ስታዲየም ውስጥ ማን በዚያች ኖታ ይጀምራል?

ሁለተኛው ጉድ ዓይናቸው ነው፤ ሲኒማ ቤት ያየሁትም በዋናነት ይህንኑ ነው። በትንሽ ስክሪን ጸጉርና ጊታር ነው የሚታየው። እዚህ ግን የሰው ፊት የቤት ግድግዳ ያህላል። ጊታሪስቱ ጊልሞር ሸሚዙን አውልቆ ሲጫወት ጣቶቹን ብዙም አያይም። ባሲስቱ ዎተርስ ባሱን ይዞ ወደ ድራሙ ይዞራል። ክፍል ሊቀየር ሲል የሆነች የቅንድብ ነገር አለች፤ አንዱ ቀና ይላል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሙዚቃው ይታጠፋል። ቴምፖው እንደ ሜትሮኖም ክሊክ አይደርቅም፤ ሲጋል ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲበርድ ወደ ኋላ ይላል፤ አራቱም አብረው ስለሚፈጥኑና አብረው ስለሚዘገዩ ጆሮ አይቆረቁረውም።

እዚያ ቁጭ ብዬ ትዝ ያሉኝ አንድ አንጋፋ ሳክስፎን ተጫዋች ናቸው፤ በድሮዎቹ ባንዶች ውስጥ ያደጉ ሰው። ለአንድ ዘፋኝ አልበም አጃቢ ሊነፉልን መጥተው ሄድፎን አደረግሁላቸው። ዙሪያቸውን አዩና «ልጄ፣ ድራመሩ የት አለ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ድራሙ ኮምፒውተር ላይ ተሠርቷል።»

«ባሱስ?»

«ባሱን ልጁ ከአዲስ አበባ ልኮልናል።»

ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ እኔ ማንን እያየሁ ልንፋ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ነፉልን፤ ያውም ቆንጆ አድርገው። ግን ሐረጋቸውን ሲጨርሱ ሁሌም ቀና ይሉ ነበር፤ ከፊታቸው ያለው ስፖንጅ የተለጠፈበት ግድግዳ ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸውን ሸክላዎች ጆሮ ሰጥቶ ለሚሰማ ሰው የጠየቁት ነገር ግልጽ ነው። ባንዱና ዘፋኙ አብረው ነው የሚጫወቱት፤ ነፋሾቹ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ያውቃሉ፣ እሱ ሲያዘገይ አብረውት ይጠብቃሉ። ያንን በኋላ በኤዲቲንግ ማምጣት አይቻልም። ኖታዎቹን ማጠጋጋት ይቻላል፤ መጠበቁን ግን የሚሠራው ሌላውን የሚሰማ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ድራም ካነሳን «ዋን ኦቭ ዚዝ ዴይስ» ላይ መቆም አለብኝ። ቁራጩ ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል ድራመሩን ኒክ ሜሰንን ብቻ ነው የሚያሳየው። የጥበብ ውሳኔ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የሌሎቹን ያነሣው የፊልም ጥቅል ስለ ጠፋ ነው። የተረፈው የድራመሩ ብቻ ሆነ፤ በዚህ ዕዳ ምክንያት በሮክ ፊልም ውስጥ ከማውቃቸው ሁሉ የሚበልጥ የድራም ትምህርት ተገኘ። የዛሬ ኤዲተር ቢሆን በየሁለት ሰከንዱ ቆርጦ ወደ ጊታሩ፣ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ቬሱቪየስ ተራራ ይወስደን ነበር። እዚህ ግን ክንዱ ሲደክም እናያለን። መሐል ላይ አንዱ ዱላ ከእጁ ያመልጣል፤ ሜሰን በባዶ እጁ እስከ ቀጣዩ ምት ያለችውን ቅጽበት ተጠቅሞ ሌላ ዱላ መዝዞ ይቀጥላል። በላፕቶፕ ሳየው ማምለጡን ብቻ ነበር የማየው። በትልቁ ስክሪን ግን የፊቱን ነገር አየሁ፤ አልደነገጠም፣ ወደ ታችም አላየም። መለዋወጫው የት እንዳለ እጁ ያውቃል። ከኔ ሁለት ወንበር ርቆ የተቀመጠ ሰው እዚህች ላይ ብቻውን አጨበጨበ።

እንዲህ ስል ፊልሙ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ከአምፊቲያትሩ የተገኘው ለሙሉ ፊልም ስላልበቃ ከሦስት ቁራጭ በቀር የቀረው ሙዚቃ ፓሪስ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተነሣው፤ ከኋላቸው የፖምፔ ምስል እየተጣለ። ማስረጃው የራይት ፊት ነው፤ ፖምፔ ላይ ጺም አለው፣ ፓሪስ ላይ ተላጭቷል። ሙያው ውስጥ ላለ ሰው ይህ ነውር አይደለም፤ ቆርጦ መቀጠል የእንጀራችን አካል ነው። ውሻ ባያመጡ ግን ይሻል ነበር። ሃርሞኒካ ሲነፋ የምታላዝን ረጅም አፍንጫ ያላት ውሻ ማይክ ተይዞላት ትጮሃለች፤ አዳራሹ ሳቀ፣ እኔም ፈገግ አልኩ፣ ሙዚቃ ግን አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመኝ በ1974 የተጨመረው የአቢ ሮድ ስቱዲዮ ክፍል ነው። «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» የሚሠራበት ጊዜ ነው። ዎተርስ አንዲት ትንሽ ሲንተሳይዘር ላይ አቀርቅሮ ቁልፍ እያዞረ የሚሮጠውን ድምፅ ያወጣል። ራይት ፒያኖውን ብቻውን ይጫወታል። ጊልሞር የጊታሩን ክፍል ለብቻው ያስገባል። መሐል መሐል ካፍቴሪያ ተቀምጠው ስለ ምግብ ይጨቃጨቃሉ፤ ሜሰን የፖም ኬኩ ቅርፊቱ ተነሥቶ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ማሽኖቹ አይጫኗችሁም ወይ ተብለው ሲጠየቁም ዎተርስ ጥሩ ጊታር የያዘ ሁሉ ኤሪክ ክላፕተን አይሆንም የሚል መልስ ይሰጣል። እውነቱን ነው፤ ግን ጥያቄውን አልመለሰም። ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ፊልም ውስጥ ጎን ለጎን ሲመጡ ከመሣሪያው ይልቅ የሚታየው መተያየቱ መቅረቱ ነው። ፖምፔ ላይ አራት ሰው አንድ ሥራ ይሠራ ነበር። አቢ ሮድ ላይ እያንዳንዱ የራሱን አምጥቶ ያስገባል፤ ሥራው የሚገናኘው ሚክሰሩ ላይ ነው። ማለትም የኔ ቢጤው ወንበር ላይ።

ያ አልበም በመጋቢት 1973 ወጥቶ በዓለም እጅግ ከተሸጡት አንዱ ሆነ፤ ስለዚህ ድሮ ቀረ ብዬ ላለቅስ አልችልም። ለብቻ እየተሠራ የሚገኝ ጥራት አለ። እኔም እንጀራዬን የምበላው በሱ ነው። የዊልሰን አዲስ ሚክስ ሙያ ግን የፖምፔውን የአቢ ሮድ ሥራ ለማስመሰል አለመሞከሩ ነው። በሲኒማ ቤቱ ዙሪያ በተተከሉት ስፒከሮች ድምፁን ወዲያ ወዲህ ማንከራተት ይቻል ነበር። ባንዱ ግን ከፊት ቆሞ ይጫወታል፤ ከኋላና ከላይ የሚሰማው አየሩ ነው። ሲምባሉ የጊታሩ ማይክ ላይ የገባ በሚመስልባቸው ቦታዎችም ጠርጎ ሊያወጣው የታገለ አይመስልም። ድምፁን ዝቅ ከፍ የማድረጊያ ቁልፍ እጄ ላይ ባለመኖሩ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሳላደርገው የኖርኩትን አደረግሁ፤ ማንም ትራክ ላይ ጣቴን ሳላሳርፍ ሙዚቃ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ አቅም ሲገኝ ባስና ኪቦርድ ተጫዋቾቹን ፊት ለፊት አስቀምጬ አብረው አስቀርጻለሁ። ሁልጊዜ አይቻልም፤ አንዱ ኡበር ሲነዳ ሌላው ሌሊት ፈረቃ ላይ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት አቀናባሪ ነገሩ አይዋጥለትም። «ባሱ የኪቦርዱ ትራክ ላይ ገባ እኮ፣ ጋሼ፤ በኋላ ልቀይረው ብል አልችልም» ይላል። አልተሳሳተም፤ መቀየር አይቻልም። ባለፈው አንድ የትዝታ ዘፈን ላይ ተከራክረን ሁለቱንም ዓይነት ሠራን። አንዱ አብረው የተጫወቱት፣ ሌላው እሱ ለየብቻ ቀርጾ በክሊክ ያስተካከለው ነው። ዘፋኟ መግቢያውን ከኔ፣ መጨረሻውን ከሱ ወሰደች። መጋጠሚያው ላይ ቴምፖው ትንሽ ይዘላል፤ እሱን ለማለስለስ ሁለታችንም እየታገልን ነው።